ስለ አሮጌ ትራክተር ቀለምና ስለ ነዳጅ መለኪያው

አንድ የሥራ መሣሪያ ለባለቤቱ በሁለት መንገድ ይናገራል። አንደኛው መልኩ ነው፤ ይኸውም ዝገቱ፣ ስንጥቁና ጭረቱ ነው። ሁለተኛው በሹፌሩ ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ የሚንቀሳቀሱት መርፌዎች ናቸው፤ እነዚህም ነዳጁ፣ ዘይቱና ሙቀቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ያሳያሉ። ሁለቱም እውነቱን ከተናገሩ መሣሪያው ቢያረጅም ያገለግላል። ሁለቱም ከዋሹ ግን አዲስ ቢመስልም ባለቤቱን ሜዳ ላይ ይጥለዋል። በዚህ ዓመት መጽሔታችን ለክቡራን መምህራን፣ ለወላጆችና ለትምህርት ጓደኞቼ ላስረዳ የተነሣሁት ይህንኑ ነው። ምሳሌ የማደርገውም አጎቴ ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር በማኅበር የገዙትንና እዚሁ ጎብዬ የሚያርሰውን አሮጌ ትራክተር ነው።

ትራክተሩ ምን ዓይነት ነው?

በአገራችን ብዙ ዓይነት ትራክተር ይታያል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ በተቋቋመው መገጣጠሚያ ፋብሪካ የተገጣጠመው ቤላሩስ አንዱ ነው። የአጎቴ ትራክተር ግን ማሴ ፈርጉሰን 135 የሚባለው ነው። ይህ ዓይነት በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ከ1964 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ይሠራ የነበረ ሲሆን፣ ሞተሩ ፐርኪንስ የተባለው ባለ ሦስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነው። በውጭ አገር ለጓሮ ሣር ማጨጃ ከሚያገለግሉት ትንንሽ ትራክተሮች ከፍ ያለ ቢሆንም፣ ከዛሬዎቹ ትላልቅ ማረሻዎች አጠገብ ሲቆም እንደ ውርንጭላ ያህል ነው። የምናገረው የጥገና ሥራ ግን ለትንሹም ለትልቁም አንድ ነው።

ቀለሙም የራሱ ታሪክ አለው። ሃሪ ፈርጉሰን የተባለው የአየርላንድ ተወላጅ መሐንዲስ ትራክተሮቹን ግራጫ ይቀባቸው ነበር። ማሴ ሃሪስ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ደግሞ ቀይ ይቀባ ነበር። በ1953 እ.ኤ.አ. ሁለቱ ከተዋሐዱ በኋላ፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ ኮፈኑና ፓራፋንጎው ቀይ፣ ሞተሩና ሻንሲው ግራጫ ሆነ። ስለዚህ አንድ አሮጌ ማሴ ፈርጉሰን ከጭስ ማውጫው እስከ ጎማው ቸርኬ ድረስ ቀይ ብቻ ሆኖ ቢገኝ፣ ከፋብሪካ ወጥቶ ሳይሆን በኋላ በሌላ እጅ የተቀባ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል።

የአጎቴ ትራክተር በ2012 ዓ.ም. ሲገዛ እንዲህ ያለ ነበር። እንደ ሙሽራ ተሸልሞ፣ ብሎኑም ዳዶውም ሳይቀር በቀይ ቀለም ተለቅልቆ ነበር የመጣው። አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ በፓራፋንጎው ላይ እንደ እሳት ቃጠሎ ያለ ውኃ የቋጠረ የሚመስል እብጠት ወጣ። የነዳጁ መለኪያ፣ ማለት ጌጁ፣ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መርፌው «ባዶ» ከሚለው ምልክት ላይ ተነሥቶ አያውቅም። በሐምሌ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ አካባቢያችን ሲደርስ ትራክተሩ ታንኩ በግማሽ እንደ ተሞላ በግራር ጥላ ሥር ቆመ፤ ብዙ ወራትም ሳይነሣ ቀረ። ዝገቱም ጊዜ አገኘ።

የመርፌው ውሸት ያስከተለው ጉዳት

በራያ ቆላ የሚኖር ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የእኛ እርሻ የውኃ ሽሚያ ነው። ዝናቡ ሲያንስ ገበሬው ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ በጠለፋ ወደ ማሳው ይመልሳል። ጎርፉ በሌሊት ይመጣል፤ መሬቱ ይጠጣል፤ ከዚያ በኋላ ርጥበቱ ሳይሸሽ ማረስና መዝራት የቀናት ጉዳይ ነው። ፀሐዩና ነፋሱ ማንንም አይጠብቁም።

ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር እንዲህ ያለ ጎርፍ ወርዶ ማሳዎቹ ጠግበው ሳለ፣ ትራክተሩ በትልም መካከል ቀጥ ብሎ ቆመ። ነዳጁ አልቆ ነበር። በቅጥር የሚያሽከረክረው ሹፌር ሰሌዳውን አላየም ነበር ለማለት አይቻልም። መርፌው ግን ታንኩ ሙሉ ሲሆንም «ባዶ» ይል ስለ ነበረ፣ በእውነት ባዶ በሆነ ጊዜ የተለየ ነገር አልነገረውም። ሁልጊዜ «ጅብ መጣ» እያለ የሚጮኽ እረኛ፣ ጅቡ የመጣ ዕለት ማንም እንደማይደርስለት ያለ ነገር ነው።

ነዳጁ በባጃጅ ተጭኖ በዚያው ዕለት ደረሰ። የናፍጣ ሞተር ግን አንድ ጊዜ ደርቆ ከቆመ ነዳጅ ስለ ጨመሩለት ብቻ አይነሣም። ባለሙያው ከቆቦ እስኪመጡ ሁለት ቀን አለፈ። ያልታረሰው ጎን የላይኛው አፈር ደርቆ ተሰነጣጠቀ፤ እንደገና ዝናብ ተጠብቆ ዘግይቶ ተዘራ። የዚያ ጎን ማሽላ ዘለላው ሳይሞላ ውኃ ጠፋበት። ከማኅበርተኞቹ አንዱ መሬት የነበረውም በዚያው በኩል ነበር።

በዚህ የተቆጡት ማኅበርተኛ አጎቴን፣ «አያ፣ እንደ ሸጡልን አድርገን ቀለም አልብሰን እንሽጠውና እንገላገል» አሏቸው። አጎቴም፣ «የእኛን ቤት ያቃጠለውን ፍም ለሌላ ሰው ጎጆ አንወረውርም። መጀመሪያ ምን እንደ ሆነ ይታይ» ብለው መለሱ። ባለሙያውም ሥራውን ጀመሩ። እኔ በትምህርት ዕረፍት ላይ ስለ ነበርሁ ሦስት ቀን ቁልፍና ካቻቢቴ እያቀበልሁ ተመለከትሁ። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው በዚያ ያየሁትንና በክፍል ከተማርነው ጋር ያገናዘብሁትን ነው።

1ኛ፤ ዝገት ምንድን ነው?

ብረት ከአየር ኦክስጅንና ከውኃ ጋር ሲገናኝ ወደ ዝገት ይለወጣል። ከሁለቱ አንዱ ከቀረ ዝገት የለም። የቀለም ዋና ጥቅም ታዲያ ማሳመር ብቻ ሳይሆን፣ በብረቱና በሁለቱ መካከል እንደ ግድግዳ መቆም ነው። ግድግዳው በአንድ ጭረት ከተነደለ ርጥበት በዚያ ይገባል። ዝገቱም ከተበላው ብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ፣ በዙሪያው ያለውን ደኅና ቀለም ከሥር እየፈነቀለ ያነሣዋል። በፓራፋንጎው ላይ የታየው እብጠት ይህ ነበር። ጭረቱ የስንዴ ቅንጣት ያህል ሳለ ያልተደፈነ እንደ ሆነ፣ በዓመቱ መዳፍ ያህል ሆኖ ይገኛል።

ከሁሉ የከፋው ዝገት ላይ መቀባት ነው። ዝገት ፍርክርክ ነው፤ ርጥበትም ይይዛል። ቀለም በዝገት ላይ ሲቀባ ከብረቱ ጋር ሳይሆን ከፍርክርኩ ጋር ነው የሚጣበቀው። ላዩ ሲያብረቀርቅ ውስጡ መበላቱን ይቀጥላል። አባቶቻችን «ውስጡን ለቄስ» የሚሉት እንደዚህ ያለውን ነው። ባለሙያው የፓራፋንጎውን እብጠት በካቻቢቴ ጫፍ ሲነኩት ላሜራው ተበሳ፤ ከቀለሙ በቀር የቀረ ነገር አልነበረም።

2ኛ፤ ጭረትና ዝገት እንዴት ይቀባል?

ሥራው የሚጀመረው ከቀለም ቆርቆሮ ሳይሆን ከሳሙና ነው። ጭቃው፣ ቅባቱና የናፍጣው ትራፊ በውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ ሲደርቅም በቲነር በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል። ቅባት ባለበት ቦታ ቀለም አይዝም። በተለይ በነዳጁ መክደኛ ዙሪያ ያለው ኮፈን ናፍጣ እየፈሰሰበት ቀለሙ ስለሚለሰልስ አጥብቆ ማጠብ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት ብልጭ የሚል ብረት እስኪታይ ድረስ ይፋቃል። የብርጭቆ ወረቀት ቁጥሩ ዝቅተኛ ሲሆን ሻካራ፣ ከፍተኛ ሲሆን ልስልስ ነው። በ80 ቁጥር ጀምሮ በ180፣ መጨረሻም በ320 ማለስለስ ጥሩ ነው። የደኅናው ቀለም ጠርዝ እንደ ደረጃ ቆሞ እንዳይቀር፣ እጅ ሲዳስሰው እስከማይታወቅ ድረስ በቀስታ ይሳሳል። የተበሳ ላሜራ ካለ መበየድ ወይም መለጠፍ አለበት። ስቱኮ ጎድጓዳን ለማስተካከል እንጂ ቀዳዳን ለመድፈን አልተፈጠረም።

ብረቱ ከተራቆተ በኋላ በዚያው ቀን ዝገት ተከላካዩ ቀለም፣ ማለት አንቲሩጂኒው፣ ይቀባል። አንድ ሌሊት ያደረ ባዶ ብረት በጤዛ ብቻ ቡናማ ሆኖ ይገኛልና። እርሱ ከደረቀ በኋላ በልስልሱ ወረቀት ቀለል አድርጎ ማሸት፣ ከዚያም ዋናውን ቀለም ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በስሱ መቀባት ነው። አንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ መቀባት ይወርዳል፤ ላዩም ቀድሞ ደርቆ ውስጡ ጥሬ ይቀራል።

ሰዓትም መምረጥ ያሻል። በእኛ አገር ከቀትር በኋላ ነፋሱ አቧራ ያነሣል፤ በቀትርም ላሜራው ከመጋሉ የተነሣ ቀለሙ ሳይዘረጋ ይደርቃል። ባለሙያው በጠዋት፣ ጤዛው ከተነሣ በኋላና ነፋሱ ሳይጀምር፣ መሬቱን ውኃ አርከፍክፈው ነበር የሚቀቡት።

የቀለሙን ዓይነት ስለ መምረጥም አንድ ነገር ላንሣ። ፀሐይ ቀዩን ቀለም ታደበዝዘዋለች። ስለዚህ የደበዘዘውን ላይ አይቶ ቀለም ቢገዙ አዲሱ ራሱ ሲደበዝዝ ከሌላው ይለያል። የቀድሞው ቀለም የሚገኘው ፀሐይ ባላየው ቦታ፣ ለምሳሌ በኮፈኑ ውስጠኛ ወገን ወይም ከስም ሰሌዳው ሥር ነው። ናሙናው ከዚያ ይወሰዳል።

3ኛ፤ ቀለም የማይገባበት ቦታ

ሁሉን መቀባት የሰነፍ ሥራ ነው። ቀለም ሊነካቸው የማይገቡ ቦታዎች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ የተከታታይ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ፤ መለዋወጫ የሚገዛው በዚያ ቁጥር ነውና። ሁለተኛ፣ የጎማና የላስቲክ ቱቦዎች፤ ስንጥቃቸው መታየት አለበት። ሦስተኛ፣ የራዲያተሩ ስስ ክንፎች፤ በወፍራም ቀለም ከተደፈኑ ሙቀት አያወጡም። አራተኛና ዋናው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከብረት ጋር የሚታሰርበት ቦታ ነው።

ይህን አራተኛውን ላብራራ። በቤታችን አምፑል ሁለት ሽቦ አለ፤ አንዱ ኤሌክትሪኩ የሚመጣበት፣ ሌላው የሚመለስበት ነው። በትራክተር ላይ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ሽቦ ብቻ ይዘረጋል። መመለሻው መንገድ የትራክተሩ አካል፣ ማለት ሻንሲው፣ ነው። ስለዚህ ብረት ከብረት ጋር ሳይጋረድ መነካካት አለበት። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በብሎን ሥር የገባ ስስ ቀለም መንገዱን እንደ ተዘጋ በር ያደርገዋል። እንግዲህ ቀለሙና መርፌው የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

4ኛ፤ የነዳጅ መለኪያው እንዴት ይሠራል?

መለኪያው ሁለት ክፍል አለው። አንዱ በታንኩ ውስጥ ነው። በረዥም ክንድ ጫፍ ላይ የታሰረ ባዶ ጣሳ መሰል ተንሳፋፊ ነዳጁ ሲሞላ ይወጣል፤ ሲጎድል ይወርዳል። ክንዱ ሲንቀሳቀስ በሌላ ጫፉ ያለችው ትንሽ ብረት በተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ ላይ ትሳባለች። ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በዚህ ሽቦ ነውና፣ የሚያልፍበት ርዝመት ሲጨምር ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ ሲያጥር ይቀንሳል። ሁለተኛው ክፍል በሰሌዳው ላይ ያለው መርፌ ነው። በእንደዚህ ያሉ አሮጌ መለኪያዎች ብዙውን ጊዜ መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው፣ ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራ ምላስ ነው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ምላሱ ይሞቃል፣ ሲሞቅም ይጎብጣል፣ ሲጎብጥም መርፌውን ይገፋል። መርፌው ቁልፉ እንደ ተከፈተ ወዲያው ሳይዘል በዝግታ የሚነሣው ስለዚህ ነው።

በፊዚክስ ክፍል የተማርነው የኦም ሕግ እዚህ ላይ ይታያል። ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፣ ቮልቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሬዚስታንሱ ሲጨምር የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይቀንሳል። በአጎቴ ትራክተር ላይ ታንኩ ሲጎድል ሬዚስታንሱ ይበዛል፤ ኤሌክትሪኩ ያንሳል፤ ምላሱ አይሞቅም፤ መርፌውም «ባዶ» ላይ ይቀራል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሽቦው ቢበጠስ ወይም መመለሻው መንገድ ቢዘጋም ኤሌክትሪክ አያልፍምና መርፌው እንዲሁ «ባዶ» ይላል። ባዶ ታንክና የተቆረጠ መንገድ በሰሌዳው ላይ አንድ መልክ አላቸው።

5ኛ፤ ጥፋቱ የት እንዳለ መፈለግ

ባለሙያው ምንም ሳይገዙና ምንም ሳይፈቱ በቅድሚያ መረመሩ። ሌሎችም ይህን ሥርዓት ቢከተሉ ገንዘባቸውን ያድናሉ።

በመጀመሪያ ፊውዙን አዩ፤ ደኅና ነበር። ሁለተኛ፣ ከታንኩ ክፍል ላይ ሽቦውን ነቅለው ቁልፉን ከፍተው የሽቦውን ጫፍ ባዶ በሆነ የሞተር ብረት ላይ ለጥቂት ሰኮንድ አስነኩት። መርፌው በዝግታ ተነሥቶ ወደ «ሙሉ» ሄደ። በዚህ ሰሌዳው ላይ ያለው ክፍልና ሽቦው ደኅና መሆናቸው ታወቀ። ይህ ሙከራ አጭር መሆን አለበት፤ ቢቆይ መርፌውን የሚያንቀሳቅሰውን ክፍል ሊያቃጥለው ይችላል። በታንኩ አፍ አጠገብም መደረግ የለበትም፤ ብልጭታ ይወጣልና።

ሦስተኛ፣ ሽቦውን ወደ ቦታው መልሰው፣ ሌላ ሽቦ ወስደው አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በታንኩ ክፍል የብረት ክዳን ላይ ቀለሙን ጫር አድርገው ያዙት። ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰችው መርፌ ትንሽ ብድግ አለች። አጎቴ «አሃ!» አሉ። ታንኩ በላስቲክ ላይ ተቀምጦ፣ ብሎኖቹም በቀለም ተለቅልቀው ስለ ነበረ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት መንገድ አልነበረውም። ትራክተሩን ያሳመረው ቀለም አፉን ዘግቶት ኖሯል።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በእንጨት ሲለካ ነዳጁ ግማሽ ሆኖ ሳለ መርፌዋ ከ«ባዶ» እምብዛም አልራቀችም። ስለዚህ የታንኩ ክፍል መውጣት ነበረበት።

6ኛ፤ የታንኩን ክፍል ማውጣትና መጠገን

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀላል፤ ሥራው ሲያልቅም መጨረሻ የሚታሰረው እርሱ ነው። ሥራው በገላጣ ቦታ ይሠራል፤ ሲጋራ፣ ክብሪትና ኩራዝ አይቀርቡም። የቤንዚን ሞተር ከሆነማ የጥንቃቄው ብዛት እጥፍ ነው፤ የቤንዚን ትነት ከሩቅ እሳት ይስባልና። የክፍሉ ዙሪያ አቧራው ሳይጠረግ ብሎኖቹ አይፈቱም፤ ወደ ታንኩ የገባ አሸዋ ወደ ፊልትሮና ወደ ፖምፓ ይሄዳል።

ክፍሉ ሲወጣ ሁለት ጥፋት ተገኘበት። የናሱን ተንሳፋፊ ሲነቀንቁት በውስጡ ነዳጅ ይንቦጫቦጫል፤ ተበስቶ ሰምጦ ነበር። የሽቦው ጥቅልል ደግሞ አረንጓዴ ሻጋታ መሰል ዝገት ይዞታል። የሁለተኛው ምክንያት ግልጽ ነው። በግማሽ የቀረ ታንክ ቀሪው ግማሽ አየር ነው። ሌሊት ሲቀዘቅዝ በአየሩ ውስጥ ያለው ርጥበት በታንኩ ግድግዳ ላይ ጤዛ ይሆናል። ትራክተሩ ወራት ሙሉ እንዲህ ቆሞ ስለ ነበረ ጤዛው ሽቦውን በላው። ስለዚህ መሣሪያ ለብዙ ጊዜ ሲቆም ታንኩ ሞልቶ ቢቆም ይሻላል፤ ለማታም ቢሆን ሥራ ሲያበቃ መሙላት መልካም ልማድ ነው።

የተንሳፋፊውን ቀዳዳ ለማግኘት ባለሙያው ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከሩት። በውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ይሰፋልና ከቀዳዳው አረፋ እየሆነ ወጣ። ቦታውን ምልክት አድርገው፣ ነዳጁን አንጠፍጥፈው፣ ጨርሶ እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ አሳድረው፣ በማግሥቱ የሬዲዮ ጠጋኞች በሚጠቀሙበት እርሳስ ደፈኑት። ይህን ልጆች ብቻቸውን ሊሞክሩት አይገባም፤ ነዳጅ የቀረበት ዝግ ዕቃ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል። ተንሳፋፊው ከፕላስቲክ የተሠራ እንደ ሆነም መለወጥ እንጂ መደፈን አይሆንም።

ሽቦው በለስላሳ ብሩሽና በኤሌክትሪክ ማጽጃ ተጠረገ። ከዚያ ቴስተሩን ይዘው ክንዱን ከታች ወደ ላይ በቀስታ ሲያነሡት ቁጥሩ ሳይዘልና ሳይቋረጥ እየቀነሰ ሄደ። ይህ ደኅና የመሆኑ ማረጋገጫ ነው። በመካከል ቁጥሩ ቢጠፋ ሽቦው እዚያ ላይ ተበጥሷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ አዲስ መግዛት ግድ ይሆናል።

አዲስ የሚገዛ ሰው ግን ይህን ልብ ይበል። የታንኩ ክፍልና የሰሌዳው ክፍል ባልና ሚስት ናቸው፤ መስማማት አለባቸው። በአሜሪካ የተለመደው ዓይነት ባዶ ሲሆን 240 ኦም፣ ሙሉ ሲሆን 33 ኦም ያህል ነው። በአውሮፓ በብዛት የሚገኘው ሌላው ዓይነት ደግሞ ባዶ ሲሆን 10፣ ሙሉ ሲሆን 180 ኦም ያህል ነው። የአንዱን ከሌላው ጋር ያጋቡ እንደ ሆነ መርፌው ሲሞላ «ባዶ»፣ ሲጎድል «ሙሉ» ይላል። ይህ ከማይሠራ መለኪያ የባሰ ነው። ስለዚህ ወደ ገበያ ሲኬድ አሮጌውን በእጅ ይዞ፣ ቁጥሩንም በቴስተር ለክቶ መሄድ ይገባል።

በመጨረሻ የብሎኖቹ መቀመጫ እስከ ብረቱ ተፋቀ። ከክዳኑ ወደ ሻንሲውም አንድ መመለሻ ሽቦ ተጨመረ። በክዳኑ ሥር የሚገባው ጋርኒሽን ከቡሽ ተቆረጠ። ከመኪና ከመነዳሪ መቁረጥ የተለመደ ቢሆንም ናፍጣ ያሳብጠዋልና አይበጅም።

7ኛ፤ ነዳጅ ያለቀበት የናፍጣ ሞተር ለምን አይነሣም?

ይህን የምጨምረው የዚያ ሁለት ቀን ጥፋት ምክንያቱ እንዲታወቅ ነው። የናፍጣ ሞተር የእሳት ብልጭታ የለውም። አየሩ በሲሊንደር ውስጥ እጅግ ተጨምቆ ሲግል፣ ፖምፓው ናፍጣውን በኃይል ይረጭበታል፤ ናፍጣውም በዚያ ሙቀት ይቃጠላል። ታንኩ ሲደርቅ ወደ ቧንቧው አየር ይገባል። ናፍጣ ቢጫኑት አይጨመቅም፤ አየር ግን ይጨመቃል። ስለዚህ ፖምፓው ሲገፋ አየሩ እንደ ስፖንጅ ይታመቃል እንጂ ነዳጁ አይረጭም።

መፍትሔው አየሩን ማስወጣት ነው። ታንኩ ከተሞላ በኋላ በፊልትሮው ላይ ያለው የአየር ማውጫ ብሎን ላላ ይደረጋል። በነዳጅ ማንሻው ላይ ያለችውን ትንሽ የእጅ ዘንግ ደጋግሞ በመግፋት አረፋ የሌለበት ናፍጣ እስኪወጣ ይጠበቃል፤ ከዚያም ብሎኑ ይጠብቃል። በፖምፓው ላይም እንዲሁ ይደረጋል። በመጨረሻ ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄዱት ቧንቧዎች ዳዶ ላላ ተደርጎ ሞተሩ ሲዞር አየሩ ይወጣል። በዚህ ጊዜ እጅን ማስጠጋት ክልክል ነው፤ በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ሐኪም ቤትም ያደርሳል።

8ኛ፤ የእንጨቱ ምስክርነት

መርፌው ተጠግኖ በግማሽ ታንክ ግማሽ ማለት ከጀመረ በኋላም ባለሙያው አንድ ነገር አዘዙ። አንድ ንጹሕና ቀጥ ያለ እንጨት ተቆርጦ፣ ባዶ ታንክ ውስጥ 5 ሊትር በተጨመረ ቁጥር የረጠበበት ቦታ በቢላዋ ተሸረሸረ። ሹፌሩ በየማለዳው በእንጨቱ ይለካል፤ ከመርፌው ጋር ያነጻጽራል፤ በደብተርም ይጽፋል። ሁለት ምስክሮች ሲስማሙ ፍርዱ ቀና ነው፤ ሲለያዩ ግን ምርመራ ያስፈልጋል። «ቀድሞ መጥኖ መደቆስ» የተባለው ለወጥ ብቻ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውና የማሳስበው

ሥራው ሲያልቅ ማኅበርተኞቹ ተሰብስበው ትራክተሩን ከብበው ቆሙ። ከሩቅ ሲታይ ዥጉርጉር ነበር። በደበዘዘው ቀይ ላይ አዲሱ ቀይ እዚህም እዚያም ተለጥፎ፣ ፓራፋንጎው ላይም የብየዳ ጠባሳ ይታይ ነበር። እንሽጠው ያሉት ሰው ቀረብ ብለው ሰሌዳውን አዩና፣ «አሁንስ ቢሸጥም አያሳፍርም» አሉ። አልተሸጠም። ዘንድሮ የመጀመሪያው ጎርፍ ሲወርድ በቅድሚያ የታረሰው፣ ባለፈው ዓመት ማሽላው የከሰረበት የእኒያው ሰው ጎን ነው። ይህንን የወሰኑት አጎቴ ናቸው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፤ በየቤታችን ትራክተር ባይኖር የውኃ ፓምፕ፣ ወፍጮ፣ ሞተር ብስክሌት ወይም ባጃጅ አለ። ሁሉም ብረት ነውና ይዝጋል፤ ሁሉም ነዳጅ ይጠጣል። ጭረት ያያችሁ እንደ ሆነ ክረምት ሳይገባ ፍቃችሁ ድፈኑት። መለኪያው የማይሠራ ካለ እንደ ልማድ አትዩት፤ ሽቦውን ተከተሉ። በክፍል የምንማረው ሬዚስታንስና ኦክስጅን በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ ያለ አይምሰላችሁ፤ በጎረቤት ግቢ በግራር ሥር ቆሞ ይጠብቀናል።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። አሮጌ መሣሪያ ስትገዙ የቀለሙን ብርቅታ አይታችሁ ዋጋ አትቁረጡ። የብሎኑን ራስ እዩ፤ እርሱ ከተቀባ ሌላውም ተለቅልቆ ይሆናል። ማግኔት ውሰዱና በፓራፋንጎው ላይ ሳቡት፤ የማይዝበት ቦታ ካለ እዚያ ስቱኮ እንጂ ብረት የለም። ቁልፉን አስከፍቱና መርፌውን ጠብቁ፤ በእንጨትም ለኩ። ሻጩ ይህን ሲያዩ ቅር ካላቸው፣ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።